ዓለሙ ይቅደም ወይስ ሰውየው? ስለ ልብ ወለድ አጀማመር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልብ ወለድ ስጀምር መጀመሪያ ዓለሙን ልፍጠር ወይስ ገጸ ባሕርያቱን?

ሁለቱ ከሚጋጩበት ቦታ ጀምሩ። አንድ ሰው አጥብቆ የሚፈልገው ነገር አለ፤ የሚኖርበት ዓለም ደግሞ ያንን ነገር የሚከለክል ወይም ዋጋ የሚያስከፍል ሕግ አለው። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ከቻላችሁ መነሻ አላችሁ። ካልቻላችሁ ሃምሳ ገጽ ማስታወሻ ቢኖራችሁም ገና አልጀመራችሁም።

የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ያነበበ ሰው ነገሩን ወዲያው ያየዋል። በዛብህ የስእለት ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ሰጥተውታል። እሱ የሚያስተምራት ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ ልጅ ናት። ስእለቱና የዘር ቆጠራው የዓለሙ ሕጎች ናቸው፤ ፍቅሩ የሁለቱ ሰዎች ነው። ሕጎቹን አውጡና ተማሪና አስተማሪ ተዋደው ይጋባሉ፤ ታሪክ የለም። ፍቅሩን አውጡና ስለ ጎጃም ኑሮ የተጻፈ ጥሩ ጥናት ይቀራል።

«ዓለም መፍጠር» የምትሉት መቼት አይደለም እንዴ?

ከፊሉ ነው። መቼት የሚለው ቃል ራሱ ከ«መቼ» እና ከ«የት» የተገጣጠመ ስለሆነ ዘመንና ቦታን ይይዛል። የማይይዘው «በምን ሕግ» የሚለውን ነው፦ እዚያ ማን ያዛል፣ ምን ነውር ነው፣ ዕዳ እንዴት ይከፈላል፣ ሟች እንዴት ይቀበራል። ብዙ ጀማሪዎች የቦታውን ተራራ፣ ጭጋግና የቤት ክዳን በሦስት ገጽ ይስሉና ዓለም የፈጠሩ ይመስላቸዋል። ጭጋግ ማንንም አይከለክልም። ሕግ ይከለክላል።

በምሳሌ አሳዩን፤ ከአንድ ሕግ ተነሥቶ እንዴት ታሪክ ይወጣል?

«ቁራኛ» የሚለው ቃል ዛሬ በብዛት የምንሰማው «የአልጋ ቁራኛ ሆነ» ሲባል ነው። በቀድሞው የአገራችን ሥርዓት ግን ባለዕዳና ባለገንዘብ፣ ከሳሽና ተከሳሽ፣ አንድ ላይ ታስረው፣ አንዳንዴም የልብሳቸው ጫፍና ጫፍ ተቋጥሮ፣ ዳኛ ዘንድ ይሄዱ ነበር። ለጸሐፊ ከዚህ የተሻለ ስጦታ አይገኝም፤ የማይዋደዱ ሁለት ሰዎችን ሕጉ ራሱ በአንድ መንገድ ላይ አቁሟቸዋል።

አሁን ሰው እንፈልግለት። መጠየቅ ያለበት «ይህ ሕግ ከሁሉ አብልጦ የሚጎዳው ማንን ነው?» ነው። ድሃን ቢባል እውነት ነው፤ ግን ማንም የሚሰጠው መልስ ነው። ጠጅ ጥላ የምትሸጥ ሴት እንበል፤ ለማር መግዣ 30 ጠገራ ብር ተበድራለች፤ ማሩ በጉዞ ላይ ጠፍቷል። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ከወንዝ ማዶ በምትዳረው ልጇ ሠርግ ላይ መገኘት። ዳኛው ያለው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው።

ቀጥሎ ቀን ይቆረጥ። ሠርጉ በጰራቅሊጦስ እሑድ ይሁን። ለምን? በማግስቱ ሰኞ የሐዋርያት ጾም ይገባል፤ በጾም ሠርግ የለም። ሰዓቱን የሚቆጥረው ጸሐፊው ሳይሆን የቀን መቁጠሪያው ነው ማለት ነው፤ ሠርጉን «ለሳምንት እናስተላልፈው» የሚል ሰው ቢመጣ መልስ አለው። ጊዜው ወደ ክረምት መግቢያ ስለሆነ ወንዙም መሙላት ይጀምራል። ሁለት የጊዜ ገደብ በነጻ አገኘን።

አሁን ወደ ሕጉ ተመለሱና ቀዳዳውን ፈልጉ። ሴትን ከባዕድ ወንድ ጋር አስሮ ሌሊት ማሳደር በዚህ ዓለም ነውር ከሆነ በእሷ ፈንታ ማን ይታሰራል? የ14 ዓመት ወንድ ልጇ። ይህ ልጅ ከአንድ ደቂቃ በፊት አልነበረም፤ የወለደው የሕጉ ቀዳዳ ነው። እናትየው አሁን ነጻ ናት፤ ወደ ሠርጉ መሄድ ትችላለች፤ ከሄደች ግን ወንድ ልጇን ከባለገንዘቡ ጋር ተቋጥሮ ጥላው ነው። የታሪኩ ልብ እዚህ ነው፤ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ አልነበረም።

ለባለገንዘቡም (ነጋዴ ነው እንበል) ፍላጎት ስጡት፤ አለበለዚያ ክፉ ሰው ብቻ ሆኖ ይቀራል። እሱም ለሌላ ሰው ባለዕዳ ይሁን። ብሩን በቶሎ ካላገኘ ነገ የሚታሰረው እሱ ነው።

እስከዚህ ድረስ የሠራነው ዓለም ስንት ነው? አንድ የዕዳ ሕግ፣ አንድ ነውር፣ አንድ ጾም፣ አንድ ወንዝ። ነገሥታቱን፣ የጦርነቶቹን ታሪክ፣ የከተማውን ካርታ አልነካንም። ካርታ ካስፈለገ ከቤቷ እስከ ዳኛውና ከቤቷ እስከ ሠርጉ ያሉትን ሁለት መንገዶች ብቻ ሣሉ።

መጻፍ ከመጀመሬ በፊት ስንት ገጽ ዝግጅት ይበቃል?

ለአጭር ልብ ወለድ አንድ ገጽ፣ ለረጅም ልብ ወለድ ከ5 እስከ 10 ገጽ። ከዚያ በላይ ሲሄድ ዝግጅቱ መጻፍን መሸሻ ይሆናል። ገጹን እነዚህ ይሙሉት፦ ሰዎቹ ምን ይበላሉ፣ ማንስ ያመርተዋል? መሬቱ ወይም ቤቱ የማን ነው? ሲጣሉ ማን ይዳኛቸዋል? ምን ነውር ነው? በምን ይምላሉ?

የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሰው የሚምልበት ነገር የሚፈራውንና የሚያከብረውን በአንዲት ቃል ያወጣል። «ምኒልክ ይሙት!» ብሎ የሚምል ገበሬና «እናቴ ትሙት!» የሚል የታክሲ ረዳት ያሉት በሁለት የተለያዩ ዓለማት ውስጥ ነው፤ ይህን ለማስረዳት ሌላ አንቀጽ አያስፈልግም።

የማይታወቅ፣ ሙሉ በሙሉ ምናባዊ ዓለም ነው የምጽፈው። ከምን ልነሣ?

ከከፍታ ተነሡ። አገራችን ለዚህ የተዘጋጀ መሣሪያ አላት፤ አባቶች መሬትን በከፍታው ከፋፍለው ስም ሰጥተውታል። በግምት ከ500 እስከ 1,500 ሜትር ቆላ፣ እስከ 2,300 ወይና ደጋ፣ እስከ 3,200 ደጋ፣ ከዚያ በላይ ውርጭ። ቁጥሩን ስትመርጡ ሌላው ራሱ ይከተላል። 2,900 ሜትር ላይ ከሆናችሁ ማሳው ገብስ ነው፤ ሌሊቱ ልብስ ያስደርባል፤ ወባ አይታሰብም። ወደ 1,200 ስትወርዱ ማሽላ፣ ሙቀትና ወባ ይመጣሉ። የደጋ ሰው ወደ ቆላ ወርዶ ማደርን ቢፈራ ፈሪ ስለሆነ አይደለም፤ ትኩሳት ይዞ የተመለሰ ጎረቤት ስላየ ነው። ባሕርይ ከመልክዓ ምድር ሲወጣ እንዲህ ነው።

ከዚያ ርቀትን በሜትር ሳይሆን በቀን ለኩ። የተጫነ አጋሰስ በተራራማ አገር በቀን ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ደህና ነው። ገጸ ባሕርያችሁ ማክሰኞ ከቆላ ተነሥቶ ረቡዕ ጠዋት 200 ኪሎ ሜትር ማዶ ሸንጎ ላይ ከተቀመጠ፣ ዓለማችሁ ውስጥ ጨረቃ ሁለት መሆኗን ያመነ አንባቢ በዚህኛው ይስቃል። ክረምትንም አትርሱ፤ ወንዝ ሲሞላ ድልድይ በሌለበት መንገድ ሁሉ ይዘጋል፣ ጦርም ይሰፍራል።

አዲስ ነገር ስትጨምሩ አንድ ትልቅ እንግዳ ነገር ይበቃል። ሙታን የሚናገሩበት አገር ከሆነ ጤፉ ጤፍ ይሁን። ሙታኑም፣ እህሉም፣ ሰማዩም፣ የቀኑ ርዝመትም እንግዳ ከሆነ አንባቢ የሚይዘው ቅርንጫፍ ያጣል።

እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን ግን ዓለሙንና ቋንቋዎቹን አስቀድሞ ሠርቶ አይደል?

ቋንቋዎቹንና አፈ ታሪኮቹን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጀምሮ ይሠራ እንደነበር እውነት ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1937 የታተመው «ዘ ሆቢት» የተጀመረው በዚያ መንገድ አልነበረም፤ የተማሪዎች ፈተና ሲያርም ባዶ ባገኘው ገጽ ላይ ስለ አንድ ጉድጓድ ውስጥ የሚኖር ፍጡር አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈ፤ ፍጡሩ ምን እንደሆነ ያወቀው ከጻፈው በኋላ ነው። የቆየው ዓለም ኋላ ላይ መጥቶ ታሪኩን ተቀበለው። በዚያ ላይ ሰውየው በሙያው የጥንት ቋንቋዎች ፕሮፌሰር ነበር፤ ለእሱ ሰዋስው መሥራት መዝናኛ ነው። ለእናንተም ከሆነ ሥሩ፤ ግን ልብ ወለዱን ጀመርኩ አትበሉ።

ገጸ ባሕርዬ በአእምሮዬ ሕያው ናት፤ ታሪኩ ግን አይንቀሳቀስም። ምን ጎደለ?

አብዛኛውን ጊዜ መጠይቅ ሞልታችኋል፦ ዕድሜ፣ ቁመት፣ የምትወደው ቀለም፣ የልጅነት ጠባሳ። ይህ ሁሉ ስለ እሷ ነው፤ የሚገፋት ነገር ግን ከእሷ ውጭ ነው።

በአንድ ሙከራ ማወቅ ይቻላል፤ ቦታዋን ቀይሩ። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በቤት ሠራተኝነት የምታገለግል ወጣት አለች እንበል። ያችኑ ልጅ ቤሩት ወስዳችሁ አንድ ቤት ውስጥ አስቀምጧት። በከፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ከቤቱ ብትወጣ በዚያው ቅጽበት ሕገወጥ ትሆናለች። አዲስ አበባ ላይ «ሥራ ለቀቅኩ» ማለት ሻንጣ አንሥቶ መውጣት ነበር፤ ቤሩት ላይ ያው ዓረፍተ ነገር ሌላ መጽሐፍ ነው። ታሪካችሁ ቦታው ተቀይሮ ምንም ካልተለወጠ ዓለሙ መጋረጃ ነው እንጂ አይሠራም። ያኔ አዲስ ባሕርይ አትጨምሩላት፤ አንድ ነገር ከልክሏት።

ዓለሙ ተሠርቷል፤ ሰዎቹ ግን ደረቁብኝ። በምን ላርጥባቸው?

የዚህኛው መድኃኒት አጭር ነው። ከሕጎቻችሁ አንዱን ምረጡና ሕጉን የሚያስፈጽም ግን የማያምንበትን ሰው ፈልጉ፤ ወይም ሕጉ የሚጎዳው ሆኖ ሳለ አጥብቆ የሚያምንበትን። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል።

ምልልስ ስጽፍ «አንተ» እና «እርስዎ» ያምታቱኛል። ይህ ከዓለም ፈጠራ ጋር ይገናኛል?

ከሁሉም በላይ የሚገናኘው ይህ ነው፤ ስለ አጻጻፍ ከሌላ ቋንቋ የተተረጎመ ምክር የማይነግራችሁም ይህንኑ ነው። በአማርኛ ማን ከማን እንደሚበልጥ ሳይወስኑ አንድን ሰው መጥራት እንኳ አይቻልም፤ «ና»፣ «ነይ»፣ «ይምጡ»። ግሡ ራሱ ጾታውንም ማዕረጉንም ይናገራል። ስለዚህ ገጸ ባሕርይ ይቅደም ያለ የአማርኛ ጸሐፊም የመጀመሪያውን ምልልስ ሲጽፍ ሳያውቀው ዓለም መፍጠር ጀምሯል።

ሰንጠረዥ ሥሩ። አራት ገጸ ባሕርያት ካሏችሁ 12 ግንኙነት አለ፤ እያንዳንዱ ሌሎቹን ሦስቱን እንዴት እንደሚጠራ ጻፉ፦ በስም፣ በ«ጋሼ»፣ በ«እትዬ»፣ በ«አባባ»፣ በማዕረግ፣ በ«አንቱ» ወይም በ«እርስዎ»። ሁለቱ አቅጣጫዎች እኩል አይሆኑም፤ ነጋዴው ልጁን «አንተ» ሲል ልጁ «እርስዎ» ይላል። ከዚያ በታሪኩ ውስጥ አንዱ ሕዋስ የሚለወጥበትን ቦታ ምረጡ። ሲያንቱት የኖሩት ሰው አንድ ቀን «አንተ» ከተባለ ጥፊ ሳይነሣ ጠብ ተነሥቷል፤ «እርስዎ» ይባባሉ የነበሩ ወንድና ሴት «አንቺ» ላይ ከደረሱ ደግሞ የፍቅር ትዕይንት ጽፋችኋል።

ተራኪውም ሰንጠረዡ ውስጥ ይግባ። ስለ ፊታውራሪው ሲተርክ «ገባ» ይላል ወይስ «ገቡ»? «ገቡ» ካለ ተራኪው ከሕዝቡ አንዱ ሆነ፤ «ገባ» ካለ ከላይ ያያል። ሁለቱም ያስኬዳል። የማያስኬደው ገጽ 3 ላይ «አሉ» ያለው ሰውዬ ገጽ 10 ላይ ያለ ምክንያት «አለ» ሲሆን ነው፤ በረቂቆች ውስጥ ተደጋግሞ የሚታይ ስሕተት ነው፣ አራሚም ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል።

ስም ስሰጥስ?

ስም ዘመን አለው። «አብዮት» የሚባል ሰው በ1950 ዓ.ም. ተወለደ ከተባለ አንባቢ ይጠራጠራል፤ ከ1966 በኋላ ከሆነ ምንም አይልም። የአባት ስም የቤተሰብ መጠሪያ አለመሆኑንም ያዙ፤ የበላይ ልጅ ከበደ ወንድ ልጅ ቢወልድ ልጁ የሚጠራው በከበደ ነው እንጂ በበላይ አይደለም። በምናባዊ ዓለም ደግሞ ስም የማውጫ አንድ ደንብ አውጡና በእሱ ጽኑ። የቀድሞ ጦረኞች የፈረስ ስም ነበራቸው፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። በእናንተ ዓለም ሰዎች በዕዳቸው ወይም በሚጠብቁት ምንጭ ሊጠሩ ይችላሉ።

በእውነተኛ ዘመን ላይ የተመሠረተ ታሪክ ነው። የት የት እሳሳታለሁ?

ብዙ ጊዜ ትልልቁ ነገር ላይ አይደለም፤ ጾም፣ ሰዓትና ገንዘብ ላይ ነው። ገጸ ባሕርይ በበዓለ ሃምሳ ረቡዕ ቀን ሲጾም ይታያል፤ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው 50 ቀን ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። ከውጭ ሰነድ የተቀዳ «8 ሰዓት ጠዋት» ሳይመለስ ይቀራል፤ በእኛ 2 ሰዓት ነው። ጠገራው ብር (የማሪያ ተሬዛ ብር) ከእ.ኤ.አ. 1780 በኋላ በየትኛውም ዓመት ይመታ፣ ላዩ ላይ ያለው ዓመት 1780 ነው፤ «አዲስ የተመታ፣ 1850 የሚል» ብላችሁ እንዳትጽፉ።

ደርግ ዘመን ላይ ከሆናችሁ ቀኖቹ ራሳቸው የሴራ መገጣጠሚያ ናቸው። የገጠር መሬት የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ትርፍ ቤት የተወረሰው ሐምሌ 19 ቀን በዚያው ዓመት። በሁለቱ መካከል አምስት ወር ያህል አለ። በእነዚያ ወራት መሬቱን ያጣና አዲስ አበባ ያሉትን የሚያከራያቸው ሁለት ቤቶች የያዘ ሰው ምን ያስብ ነበር? «ይህንንስ አይነኩትም» ብሎ ይሆን? የቀበሌ ማኅበር የተቋቋመውም በዚያው የቤት አዋጅ ስለሆነ በ1966 ዓ.ም. «ቀበሌ ተጠርቼ» የሚል ገጸ ባሕርይ ከጊዜው ቀድሟል።

የሠራሁትን ዓለም ለአንባቢ መቼ ልንገረው?

ሕጉ ሲጣስ ወይም ሲያስከፍል። ከዚያ በፊት አትንገሩት። እነዚህን ሁለት አነጻጽሩ፦

«በዚያ አገር ባለዕዳ ከባለገንዘቡ ጋር ተቋጥሮ እንዲሄድ የሚያዝ፣ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ሕግ ነበረ።»

«ልጁ በእንቅልፍ ልቡ ሲገላበጥ ነጠላውን ሳበው። ነጋዴው ብድግ አለ። ‹ወዴት ነው?› አለና ቋጠሮውን በጨለማ ዳሰሰ።»

ሁለተኛው ሕጉን አልተናገረም፤ አንባቢው ግን ቋጠሮ እንዳለ፣ አለመተማመን እንዳለ፣ ሌሊቱም እንዳልተፈታ አውቋል። በመጀመሪያዎቹ 1,000 ቃላት ውስጥ ከሦስት በላይ አዲስ ስያሜ አታስገቡ። ማብራሪያ የግድ ካስፈለገ የሚጠይቅ እንግዳ አምጡ፤ ነገር ግን «እንደምታውቀው» ብሎ የሚጀምር ምልልስ ሁሉ ይሰረዝ፤ የሚያውቀውን ሰው ለምን ይነግረዋል?

ለተከታታይ ድራማ ከሌሎች ጋር ነው የምንጽፈው። ይለያል?

አዎ፤ እዚህ ዝግጅቱ መርዘም አለበት፣ ምክንያቱም አምስተኛውን ክፍል የሚጽፈው ሁለተኛውን የጻፈው ላይሆን ይችላል። የጋራ መዝገብ ይኑራችሁ፦ የአጠራር ሰንጠረዡ፣ የእያንዳንዱ ሰው ዕድሜና የገቢ ምንጭ፣ ማን የማንን ምሥጢር ከየትኛው ክፍል ጀምሮ እንደሚያውቅ። የመጨረሻው ካልተያዘ ባል በክፍል 4 የሰማውን በክፍል 9 እንደ አዲስ ሰምቶ ይደነግጣል።

30 ገጽ ከጻፍኩ በኋላ አንዱ ሕግ እንደማይሠራ ባውቅስ?

ወደ ገጽ 1 አትመለሱ። ባላችሁበት ገጽ ኅዳግ ላይ «ከዚህ ጀምሮ ሴት በሴት ትቆረኛለች» ብላችሁ ጻፉና ሕጉ ከመጀመሪያውም እንዲያ እንደነበረ አድርጋችሁ ወደ ፊት ቀጥሉ። ረቂቁ ሲያልቅ ያን ኅዳግ ይዛችሁ ያለፉትን 30 ገጾች ታርማላችሁ። በየሳምንቱ ወደ ኋላ እየተመለሰ የሚያርም ሰው ጥሩ የመጀመሪያ ምዕራፍ ይኖረዋል፤ ሁለተኛ ግን አይኖረውም።

ከመቀየራችሁ በፊት ግን ችግሩ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለዩ። ገጸ ባሕርይዋ ሕጉን በቀላሉ ካለፈችው ሕጉን አጥብቁ። ሕጉ ምንም መውጫ ካሳጣትና በየገጹ የምታለቅስ ብቻ ከሆነች ሕጉን አላልታችሁ ቀዳዳ ስጧት፤ ቀዳዳው ግን ከምትወደው ነገር አንዱን የሚያስከፍላት ይሁን። እሷን ራሷን መለወጥ የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ ሕግ ሲለወጥ የሚታረሙት ጥቂት ትዕይንቶች ናቸው፣ ሰው ሲለወጥ ግን የተናገረችው ቃል ሁሉ ይታረማል። የተሰረዘውንም አትጣሉት፤ ለብቻው ደብተር አስቀምጡለት።